አልነሣ ያለ ስልክ በኮምፒዩተር ስለ ማደስ

በክረምቱ ወራት የእናቴ አይፎን አዲስ ሶፍትዌር በመጫን ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ባትሪውም አስቀድሞ ደክሞ ኖሮ ስልኩ በዚያው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ሲከፍቱት የተገመጠው የፖም ምልክት ብቅ ይላል፤ ይጠፋል፤ እንደ ገናም ብቅ ይላል፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር የለም። ወደ አንድ ስልክ ጠጋኝ ብንወስደው፥ «እናቴ፥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ከመጫን በቀር ሌላ መላ የለውም» አላት። በውስጡ ግን ባለፈው ዓመት ያረፉት የሴት አያቴ ድምፅ ነበረ፤ ቅጂውም በሌላ ስፍራ አልተቀመጠም። እናቴ ስልኩን ከእጁ ተቀብላ ዝም ብላ ወጣች። እኔም የፋብሪካውን መመሪያ ፈልጌ ማንበብ የጀመርሁት ያን ለት ማታ ነው። ያገኘሁትንም ለጓደኞቼና ለወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ እነሆ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ፥ ፖሙ ላይ የቆመ ስልክ ሞቷል ማለት አይደለም። በስልኩ ዋና ቺፕ ውስጥ፥ በፋብሪካ ሳለ የተቀረጸና ከዚያ ወዲያ ማንም ሊለውጠው የማይችል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነቃው እርሱ ነው። እርሱም ተከትሎ የሚመጣውን ፕሮግራም ፊርማ መርምሮ ያሳልፋል፤ ያም በተራው አይኦኤስ የሚባለውን ትልቁን ፕሮግራም መርምሮ ያስነሣል። በእኛ ስልክ የተበላሸው ትልቁ ነው። ጌታው ታሞ ቢተኛም ዘበኛው ከበሩ አልጠፋምና፥ ኮምፒዩተር በኬብል መጥቶ ቢያንኳኳ የሚመልስለት አለ። ሁለተኛም፥ ትልቁ ፕሮግራም በአንድ ክፍል፥ የባለቤቱ ፎቶግራፍና ድምፅ በሌላ ክፍል ስለሚቀመጡ፥ አንዱን ነክቶ ሌላውን መተው ይቻላል። ጠጋኙ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ ጊዜ አጥቶ፥ እኔ አልፈርድም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ከኮምፒዩተር ጋር በኬብል ይያያዛል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት የማክ ሶፍትዌሮች ፋይንደር፥ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ አፕል ዲቫይስስ ወይም አይቲውንስ ይከፈታል። በአይፎን 8 እና ከዚያ በኋላ በወጡት፥ የድምፅ መጨመሪያውን ተጭኖ መልቀቅ፥ የድምፅ መቀነሻውን ተጭኖ መልቀቅ፥ ከዚያም የጎኑን ቁልፍ ተጭኖ መቆየት ነው። ፖሙ ሲወጣ ብዙ ሰው ይለቃል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ለቅቄ ነበር። የኬብልና የኮምፒዩተር ሥዕል እስኪታይ ድረስ ጣትን ማንሣት አይገባም።

በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሁለት ቃል ያቀርባል፤ አንዱ «አፕዴት»፥ ሁለተኛው «ሪስቶር»። የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አፕዴት ትልቁን ፕሮግራም እንደ ገና ሲጭን የባለቤቱን ንብረት አይነካም፤ ሪስቶር ግን ሁሉን ያጠፋል። በስልኩ ያለው ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ቁልፉም አብሮ ስለሚጠፋ፥ በሪስቶር የጠፋውን ከስልኩ መልሶ የሚያወጣ ባለሙያ አይገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ አፕዴት ይሞከራል፤ ባይሳካ ይደገማል፤ ሪስቶር የሚመጣው ተስፋ ሲቈረጥ ነው።

የሚወርደው ፋይል በብዙ ጊጋባይት የሚቈጠር ነው። ማውረዱ ከ15 ደቂቃ ካለፈ ስልኩ ከዚያ ሁኔታ በራሱ ይወጣል። በቤታችን ኢንተርኔት ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ሥዕሉ ሲጠፋ እጅግ ደነገጥሁ፤ ነገር ግን ጉዳት የለውም፤ ማውረዱ እስኪፈጸም ጠብቆ ቁልፎቹን እንደ ገና መጫን ብቻ ነው። ጎረቤታችን ሊረዱን ብለው ከዓመታት በፊት ያስቀመጡትን ፋይል በፍላሽ አምጥተው ነበር፤ አልሠራም። ኮምፒዩተሩ የስልኩን መለያ ቁጥር ወደ አፕል ልኮ ለዚያ ስልክ ብቻ የሚሆን ፊርማ ያስመጣልና፥ ኩባንያው መፈረም ያቆመበትን አሮጌ ፋይል ዘበኛው አያሳልፍም። ስለዚህ ፋይሉ ወርዶ ካለቀም በኋላ ኢንተርኔቱ መኖር አለበት።

በመብራት አንታመንምና የላፕቶፑን ባትሪ አስቀድመን ሞልተን፥ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አፕዴትን ጫንሁ። መስመሩ ቀስ እያለ ሞላ። ስልኩ ተነሥቶ የምስጢር ቁጥሩን ጠየቀ፤ እናቴም መነጽሯን አድርጋ አስገባች። የአያቴ ድምፅ በቦታው ነበረ። ቅጂውን በኮምፒዩተሩ ላይ ሳናስቀምጥ አልተኛንም።