ሐኪም ሳያዩ ዳኛ ፊት የሚቀርቡ ታዳጊዎች

በአሜሪካ የጥቁር ቤተሰብ ልጆች ከሌሎቹ ይበልጥ አደንዛዥ ዕፅ ይጠቀማሉ የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከ1975 ጀምሮ በየዓመቱ (ዘመኑ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው) በተማሪዎች ላይ የሚያካሂደው ጥናት ለአሥርት ዓመታት ያሳየው ጥቁር ተማሪዎች አብዛኞቹን ዕፆች የሚወስዱት ከነጭ እኩዮቻቸው ባነሰ መጠን መሆኑን ነው። ልዩነቱ በጥቁሮቹ ላይ የሚከፋው ልጁን ሱስ ከያዘው በኋላ ነው። ከ2001 እስከ 2008 በተሰበሰበ ብሔራዊ መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2011 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ የሱስ ሕመም ካለባቸው ታዳጊዎች መካከል ሕክምና ያገኙት ከነጮቹ 10.7 በመቶ፣ ሂስፓኒክ ከሚባሉት ማለትም ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ከሚመዘዘው 8.5 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ 6.9 በመቶ ነበሩ። በሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ልጅም በዚህ ዓይነቱ መዝገብ የሚቆጠረው «ጥቁር» በሚለው ረድፍ ስለሆነ፣ የእርሱ ድርሻ ለብቻው ተለይቶ አይታወቅም።

የቤተሰብ ገቢና የጤና መድን በስሌቱ ሲታሰቡም በጥቁሮችና በነጮች መካከል ያለው ክፍተት ስላልተዘጋ፣ ድህነት ብቻውን ነገሩን አያስረዳም፤ ይልቁንም ልጁን ወደ ሕክምና የሚልከው ማን እንደሆነ መመርመር ይበጃል። ከታዳጊ ታካሚዎች ብዙዎቹ የሚላኩት በወጣት አጥፊዎች ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ጥቁር ልጆች ከነጮች በበለጠ ስለሚታሰሩ ብዙ ጊዜ ሐኪም ከማየታቸው በፊት ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። በዚህ መንገድ የመጣ ልጅ የሽንት ምርመራው ውጤት ፍርድ ቤቱ ለመደበለት ተቆጣጣሪ መኮንን ስለሚደርስ፣ ሕክምናው የበሽታው ጠባይ አድርጎ የሚያየው ማገርሸት በፍርድ ቤቱ ዘንድ የትእዛዝ ጥሰት ሊሆን ይችላል።

በመድኃኒትም ያው ነው። እንደ ሄሮይን ባሉ ኦፒዮይድ የተባሉ ዕፆች ሱስ ለተያዙ ሰዎች በ2002 የተፈቀደው ቡፕረኖርፊን ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚሰጥ፣ ከምላስ ሥር የሚሟሟና ወደ ቤት ሊወሰድ የሚችል መድኃኒት ቢሆንም፣ ከ2001 እስከ 2014 ያለውን ጊዜ የፈተሸ ጥናት ጥቁርና ሂስፓኒክ ወጣቶች ለኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት የማግኘት ዕድላቸው ከነጮች ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ብዙ ጊዜ በየዕለቱ ክሊኒክ ድረስ ያስኬድ የነበረው ሌላው የኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት ሜታዶን ደግሞ እስከ 2024 ድረስ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚፈቀደው ቀድሞ ሁለት ጊዜ ታክሞ ካልተሳካለት ብቻ ነበር፤ ለማከም ውድቀትን በቅድሚያ የሚጠይቅ ደንብ በሌላ በሽታ ቢወጣ ማንም ዝም ባላለ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዕፁ ራሱ ተለወጠ። ፈንታኒል የተባለ ኃይለኛ ኦፒዮይድ የተቀላቀለባቸው፣ የሐኪም መድኃኒት የሚመስሉ ሐሰተኛ እንክብሎች ገበያውን ከሞሉ በኋላ፣ በ2021 ከታዳጊዎች መካከል ከመጠን ባለፈ ዕፅ ሳቢያ ከፍተኛው የሞት መጠን የታየው በአሜሪካና በአላስካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ላይ ሲሆን፣ ከ2019 አጋማሽ እስከ 2021 መጨረሻ ከመጠን ባለፈ ዕፅ ከሞቱት ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች መካከል አስቀድሞ የሱስ ሕክምና ስለማግኘቱ ማስረጃ የተገኘለት ከ10 አንዱ ገደማ ብቻ ነበር።