በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል መካከል

«ኦቨር ዘ ጋርደን ዎል» በአንድ እትም ተጀምሮ በዚያው እትም የሚያልቅ፣ በሽቦ የተሰፋ ቀጭን ኮሚክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ያሳተመው ቡም ስቱዲዮስ ሲሆን፣ የወጣውም ካቡም በሚለው መለያው ሥር ነው። መነሻው በዚያው ዓመት ከኖቬምበር 3 እስከ 7 በካርቱን ኔትወርክ የታየው ተመሳሳይ ስም ያለው ተከታታይ ነው፤ በየምሽቱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አሥር ክፍሎች፣ እያንዳንዳቸው አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል። ዊርትና ግሬግ የተባሉ ወንድማማቾች «ያልታወቀው» በሚባል ጫካ ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው፣ ቢያትሪስ የምትባል ተናጋሪ ሰማያዊ ወፍ እየመራቻቸው ወደ ቤታቸው መመለሻ ይፈልጋሉ። ተከታታዩ በ2015 የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ኮሚኩ ግን ከግርጌ ማስታወሻ ያለፈ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ከካርቱን የተወለደ ኮሚክ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚገምተው በቴሌቪዥን የታየው ታሪክ ተቆራርጦ በወረቀት ላይ እንደተደገመ ነው። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከአሻንጉሊትና ከቲሸርት ጎን የሚደረደሩ ብዙ ኮሚኮች ከዚህ የተሻለ አልተደከመባቸውም፤ የሚጽፏቸውም አብዛኛውን ጊዜ በካርቱኑ ሥራ እጃቸው የሌለበት ሰዎች ናቸው። ይህን እትም ከእነዚያ ጋር መደመር ግን ገልጦ ካለማየት የሚመጣ ስሕተት ነው። ጽሑፉ የተከታታዩ ፈጣሪ የፓትሪክ ማክሄል ነው፤ ሥዕሉ የጂም ካምቤል። ታሪኩም በስክሪን ያልታየ አዲስ ታሪክ ሆኖ በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍል መካከል ይገባል።

እዚያ መካከል መግባት ቀላል አይደለም። ሦስተኛው ክፍል እንስሳት ፊደል በሚቆጥሩበት ትምህርት ቤት ያልፋል፤ አራተኛው ተጓዦቹን በዝናባማ ሌሊት አንድ መጠጥ ቤት ያስገባቸዋል። ሁለቱም ተሠርተው ያለቁ ስለሆኑ ኮሚኩ ሰዎቹን ከአንዱ ተረክቦ እንደነበሩ ለሌላው ማስረከብ አለበት። ዊርት እዚህ ድንገት ልበ ሙሉ ቢሆን በአራተኛው ክፍል የሚያመነታው ልጅ ሌላ ሰው ይሆናል። ግሬግ ተሸክሟት የሚዞራትን እንቁራሪት በሌላ አዲስ ስም ሊጠራት ይችላል፤ ስሟ ግን ሊቆረጥ አይችልም፤ ያ የመጨረሻው ክፍል ድርሻ ነው። ከሁሉም የከበደችው ቢያትሪስ ናት። ወንድማማቾቹን አዴሌድ ወደምትባለው ሴት የምትወስድበት እውነተኛ ምክንያት የሚወጣው በስድስተኛው ክፍል ነው። ስለዚህ በኮሚኩ ውስጥ የምትናገረው ሁሉ ለማያውቅ አንባቢ የብስጩ ወፍ ነቆራ፣ ለሚያውቅ ደግሞ የተጨነቀ ሰው ቃል ሆኖ መነበብ ይኖርበታል። ምንም የማይለወጥበት ታሪክ አሰልቺ ይሆናል የሚል ካለ፣ ሰው ተረት የሚሰማው መጨረሻውን ለማወቅ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ መሆን አለበት። የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ጣዕሙ ያለው በመንገዱ ላይ ነው፦ በግሬግ ወሬ፣ በዊርት ማጉረምረም፣ ከማን ጋር እንደተገናኙ።

ኮሚኩ የሚጎድለው ነገርም አለ፤ ድምፅ። ተከታታዩ ግማሽ ኃይሉን ያገኘው ዘ ብላስቲንግ ካምፓኒ ከሠራው ሙዚቃ ነው፤ «አውሬው» የሚባለውንም ፍጡር በድምፁ የተጫወተው የኦፔራ ዘፋኙ ሳሙኤል ሬሚ ነው። በወረቀት ላይ ዘፈን ግጥም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን ጉድለት ኮሚክ የሚያካክሰው በገጽ ነው። እንዲህ ያለ መጽሔት የሚሠራው ሉሆች ተደራርበው ለሁለት ታጥፈው እጥፋቱ ላይ በሽቦ ሲመቱ ስለሆነ፣ አንዱ ሉህ አራት ገጽ ይሰጣል፤ የገጹም ብዛት ሁልጊዜ ለአራት ይካፈላል። ደራሲው አንድ ገጽ ልጨምር ቢል አይችልም። በግራ በኩል የሚውለው ባለ ተጋማሽ ቁጥር ገጽ ነው፤ አንባቢው ቅጠሉን ሲገልጥ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሠዓሊ አስደንጋጩን ነገር በቀኝ ገጽ አያስቀምጥም፤ አንባቢው ገና ሳይደርስበት በዓይኑ ጥግ ያየዋልና። በቀኙ ገጽ ግርጌ አንድ ሰው ወደ ጨለማ ዞር ሲል ያሳይና ያየውን ነገር ለቅጠሉ ጀርባ ያቆየዋል። በስክሪን ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ፊልሙ ነው፤ እዚህ አንባቢው በጣቱ ይወስነዋል።

እትሙ ብቻውን አልቀረም። በ2015 ማክሄልና ካምቤል አራት እትሞች አስከተሉ፤ ከ2016 ጀምሮም ሌላ የኮሚክ ተከታታይ ወጣ። ሰብሳቢዎች የመጀመሪያውን እትም በላስቲክ አሽገው ሳይገልጡት ያስቀምጡታል፤ ገንዘቡ የእነሱ ነው፣ ግን እንዲነበብ ለታተመ ነገር ይህ ክብር አይደለም። ከዚያ የባሰው በኮሚኩ ጀምሮ «ምኑም አልገባኝም» የሚል አንባቢ ነው። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ አሥሩን ክፍሎች እስከ መጨረሻው ማየት፣ ከዚያ ኮሚኩን ማንበብ፣ ከዚያም አራተኛውን ክፍል እንደገና መክፈት።