ተጨማሪ መረጃ፦ ከፓርክ የተሰረቀው ነሐስ

በደቡብ ለንደን፣ በዳልዊች ፓርክ ውስጥ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የእንግሊዛዊቷ ቀራፂ የባርባራ ሄፕዎርዝ ሥራ ቆሞ ነበር። ስሙ «ሁለት ቅርጾች (የተከፈለ ክብ)» ይባላል። ሰውም እንስሳም አይመስልም፤ ከመሀል ለሁለት የተከፈለ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ክብ ነው። በሁለቱም ግማሾች ላይ ቀዳዳ አለ። ተመልካቹ ቦታ በቀየረ ቁጥር በቀዳዳዎቹ በኩል የሚታየው ዛፍና ሰማይም ይቀየራል፤ እንዲህ ያለው ረቂቅ ቅርጽ ዙሪያውን ካልዞሩት ብዙም አይገባም።

በታኅሣሥ 2011 (እ.ኤ.አ.) ሌቦች በሌሊት ከመቆሚያው ቆርጠው ወሰዱት። በ500,000 ፓውንድ የመድን ዋስትና የተገባለት ቢሆንም፣ የተሰረቀው ለጥበቡ ሳይሆን ለነሐሱ እንደሆነ ተገምቷል። ነሐስ በአብዛኛው መዳብ ነው፤ ጥቂት ቆርቆሮ ይገባበታል። መዳብ ደግሞ በቁራሌ ዋጋም ቢሆን ደህና ገንዘብ ያወጣል። ደግነቱ ሥራው ከአንድ ሞዴል በቅልጥ ነሐስ ስለወጣ ቅጂዎች አሉት፤ አንዱ በሴንት አይቭስ ከተማ፣ በሄፕዎርዝ ሙዚየም የአትክልት ስፍራ ይገኛል።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተሰረቀው ሥራ ፈንታ ፓርኩ ውስጥ የቀራፂው የኮንራድ ሾውክሮስ ሦስት ቅርጾች ተተከሉ። የተሠሩት ቢቀልጥ እምብዛም ገንዘብ ከማያወጣ ተራ ብረት ነው።