በወረታ አዲስ የኢንሹራንስ ወኪል ደንበኛውን ከየት ያገኛል?

ለኢንሹራንስ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ሥራ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የደንበኛ ማጣት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘመዶቹንና የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ያዳርሳል፤ ከፊሎቹ ይሉኝታ ይዟቸው ይገባሉ፤ ከፊሎቹ «እስቲ እናስብበት» ብለው ያሰናብቱታል፤ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይገባዋል። በይሉኝታ የገባውም ደንበኛ ዓመቱ ሲሞላ ውሉን ሳያድስ ይቀራል። ወረታን በመሰለ ከተማ ደግሞ ነጋዴው ሁሉ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ስለሆነ፣ ወኪሉ በአንድ ደንበኛ ላይ የፈጸመው ስሕተት ሳይመሽ በገበያው ይዳረሳል።

የሀገሬው ሰው አደጋን በኅብረት መሸከምን አያውቅም ለማለት አይቻልም። እድር የሌለበት ሰፈር የለም። የኢንሹራንስ ሥራም ቢሆን በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ ሀገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ ሁሉ ተወርሰው ሥራው በመንግሥት እጅ ብቻ ከቆየ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 86/1986 የግል ኩባንያዎች እንዲቋቋሙ ተፈቀደ። እድር ግን የሚረዳው በሞትና በኀዘን ጊዜ ነው፤ የተቃጠለ መጋዘን መልሶ አይሞላም። ወኪሉ ለነጋዴው ማስረዳት ያለበት ይህንን ልዩነት ነው እንጂ፣ እድሩን የሚያቃልል ንግግር ከተናገረ በዚያ ሰፈር ሁለተኛ የሚሰማው አያገኝም።

ብዙዎች አዳዲስ ወኪሎች በተሽከርካሪ ይጀምራሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖረው በመንገድ ላይ ሊሄድ አይችልም። ባለ ባጃጁም ባለ አይሱዙውም ለመግባት ይገደዳል። ይሁን እንጂ ሰውየው የሚገባው ሕግ ስላስገደደው ስለሆነ፣ የወኪሉን ስም እንኳ አያስታውስም። በዚህ የተገኘ ደንበኛ የመተዋወቂያ በር ነው፤ በሩን ከፍቶ የማይገባ ወኪል በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የወረታን ንግድ የተረዳ ሰው ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ይጀምራል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ተሞክሮ ከተስፋፋ ወዲህ (ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው) የፎገራ ሜዳ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በዚሁ ነው። ከባሕር ዳር በግምት 55 ኪሎ ሜትር ርቃ በጎንደርና በደብረ ታቦር መንገዶች መገናኛ አጠገብ የምትገኘው ወረታም የሩዙ መሰብሰቢያና መሸጫ ናት።

መፈልፈያ የአንድ ሰው ሀብት ብቻ አይደለም። ቤቱና ማሽኑ የባለቤቱ ነው፤ በመጋዘኑ የተደረደረው ጆንያ ግን የብዙ ሰው ነው። ከፊሉ ዋጋ እስኪወጣ ብሎ ያስቀመጠው የገበሬው ነው፤ ከፊሉ ገዝቶ መኪና የሚጠብቀው የነጋዴው ነው፤ የቀረው የባለ መፈልፈያው የራሱ ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ደረቅ ገለባም በግቢው ይከመራል፤ ኤሌክትሪኩና ሞተሩ ከዚያ ብዙ አይርቁም። እንግዲህ ወኪሉ ወደዚህ ግቢ ሲገባ የመጀመሪያ ጥያቄው «ኢንሹራንስ ይገባሉ ወይ?» ከሆነ «አልገባም» የሚል መልስ አግኝቶ ይወጣል። «ይህ ጆንያ የማን ነው?» ብሎ ከጠየቀ ግን ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለ መፈልፈያው የእሳት ውል የሚሸፍነው በውሉ የተጻፈውን የራሱን ንብረት ነው። በአደራ የያዘው የሌላ ሰው ዕቃ በውሉ ተለይቶ ካልተጻፈ፣ እሳት በተነሣ ቀን ኩባንያው ለቤቱና ለማሽኑ ይከፍላል፤ የገበሬውና የነጋዴው ጆንያ ያለ ካሣ ይቀራል። ባለ አደራው በአንድ በኩል ካሣ ተቀብሎ በሌላ በኩል ከደንበኞቹ ሁሉ ጋር ይካሰሳል። ይህን የሚያስቀሩ ሁለት መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ባለ መፈልፈያው በአደራ የተቀመጠውን ዕቃ በውሉ አስጽፎ ተጨማሪውን አረቦን ከማስቀመጫ ኪራዩ ጋር ማስከፈል ነው፤ ሁለተኛው እያንዳንዱ ነጋዴ ለራሱ ዕቃ ውል መግባት ነው። ትንንሽ ዕቃ ላላቸው የመጀመሪያው ይሻላል። የትኛውም ቢመረጥ ወኪሉ በአንድ ግቢ ከባለቤቱ አልፎ ከነጋዴዎቹና ዕቃውን ከሚጭኑት ባለ መኪናዎች ጋር ይተዋወቃል፤ ሁሉም የሚያነጋግሩት የራሳቸው ገንዘብ ስላለበት ነው።

ሁለተኛው ነገር የዋጋው መጠን ነው። ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድ በጥቅምት ባዶ የነበረው መጋዘን በጥር እስከ ጣሪያው ይሞላል። ባለ መጋዘኑ ግን ውሉን የገባው ዕቃው ባነሰበት ወር ባለው ግምት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ 2,000,000 ብር የሚያወጣ ሩዝ በ1,200,000 ብር ብቻ ኢንሹራንስ ቢገባ፣ ከዚያም 500,000 ብር የሚያወጣው ቢቃጠል፣ ኩባንያው የሚከፍለው በተገባው መጠን ልክ 300,000 ብር ነው፤ 200,000 ብሩ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ብዙ ነጋዴ «ኢንሹራንስ አታለለኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ግምቱን ከልክ በላይ ማስጻፍም አይጠቅምም፤ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ በ2013 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ከወጣ በኋላም ያልተሻረው የኢንሹራንስ ክፍሉ እንደሚያዘው፣ የንብረት ኢንሹራንስ የደረሰውን ጉዳት ይክሳል እንጂ ትርፍ አያስገኝም። ስለዚህ ወኪሉ ጥቅምት ሲያልቅ በየመጋዘኑ ዞሮ ግምቱ እንዲታረም ማድረግ ይገባዋል።

ጎርፍም ሊረሳ አይገባም። ርብና ጉማራ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሜዳውን አጥለቅልቀው በሕዝቡ ላይ ያደረሱት ጉዳት ገና ከሰው አእምሮ አልጠፋም። ተራ የእሳት ውል ጎርፍን አይጨምርም፤ ጎርፍ የሚጨመረው ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት ነው። ውሃው ከጎመራ በኋላ ደግሞ የሚቀበል ኩባንያ አይገኝም፤ ስለዚህ ይህ የመጋቢትና የሚያዝያ ሥራ ነው።

አስመጪዎችን በሚመለከት፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ወረታ ደረቅ ወደብ ወይም በቀጥታ ወደ ሱቅ ለሚጓዝ ዕቃ ዋናው ጥያቄ ውሉ የት ይጀምራል፣ የትስ ያልቃል የሚለው ነው። ለባንክ ሲባል የተገባው ውል መሐል መንገድ ላይ አልቆ እንደሆነ፣ የቀረውን ጉዞ ዕቃው የሚሄደው ያለ ጠባቂ ነው። ሽንኩርት ጭኖ ለሚልከው ደግሞ የጉዞ ውሉ መኪናው ቢገለበጥ ለደረሰው ጉዳት እንጂ ሽንኩርቱ በራሱ ቢበሰብስ እንደማይከፍል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ይህ «አይከፍልም» የሚለው ቃል ለአዲሱ ወኪል ከባድ ነው፤ ደንበኛውን የሚያስደነግጥ ይመስለዋል። ተራው ውል ጦርነትንና ሁከትን እንደማይሸፍን፣ የሁከት ሽፋን ለብቻው እንደሚገዛና እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው ኩባንያው ላይሸጠው እንደሚችል፣ በተለይ በዚህ ዘመን በአማራ ክልል ለሚነግድ ሰው ሳይደበቅ መነገር አለበት። ይህን በፊት የሰማ ነጋዴ ምናልባት ዛሬ አይገባ ይሆናል፤ ከአደጋ በኋላ የሰማ ግን ጎረቤቶቹንም ይዞ ይወጣል።

ነጋዴውም በበኩሉ ወኪሉን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ወኪል የሚሠራው ከብሔራዊ ባንክ በተሰጠ ፈቃድ ነውና ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። አረቦኑም የሚከፈለው በኩባንያው ደረሰኝ ነው፤ «ደረሰኙን ነገ አመጣለሁ» የሚል ወኪል ቢመጣ ገንዘቡም ነገ ይከፈለው። ውሉ ሲመጣ የዕቃው ዐይነት፣ የመጋዘኑ ቦታና የአደራው ዕቃ በትክክል መጻፉን ማንበብ፣ ማንበብ የማይችል በሚያምነው ሰው ማስነበብ ያስፈልጋል።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ወኪሉ በማግስቱ በቦታው ተገኝቶ ለኩባንያው ማስታወቂያውን ካጻፈ፣ የፖሊሱን ማስረጃና የግዢ ደረሰኞቹን ካሰባሰበ፣ የጉዳቱ ገማች ከባሕር ዳር እስኪመጣ ፍርስራሹ እንዳይነሣ ከጠበቀ፣ በዚያው መንደር ያሉት ሌሎቹ ባለ መጋዘኖች ቆመው ያዩታል። ከእነርሱ የሚቀጥለውን ደንበኛ ለማግኘት ብዙ ቃል መናገር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የግምት ቅጽና የመጋዘኑን ስፋት የሚለካበት ሜትር ነው።