ቡሃቃው ሺህ እጥፍ ቢያድግስ?

ዛሬ ማታ ወደ ጓዳ ግቡና የቡሃቃውን ክዳን ከፈት አድርጉ። ከላይ ቢጫ እርሾ ጠልሏል፣ ከሥር ሊጡ ረግቷል፣ ሽታው ኮምጠጥ ብሏል። እናንተ ያደረጋችሁት ጥቂት ነው፤ የጤፉን ዱቄት አቡክታችሁ፣ ካለፈው የተረፈ እርሾ ጨምራችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ሄዳችሁ።

የቀረውን የሠሩት በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና የእርሾ ሕዋሳት ናቸው። ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ጉምዘዛው ከዚያ ይመጣል። የእርሾ ሕዋሳቱ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣሉ፤ ምጣዱ ላይ የሚፈነዳው የእንጀራ ዐይን የዚያ አየር መውጫ ነው።

ባለሙያ እናት ይህን ሁሉ ያለ አንድ መሣሪያ ትቆጣጠረዋለች። ታሸታለች፣ ጠርዙ ላይ ያለውን አረፋ ታያለች፣ ጣቷን ነክራ ትቀምሳለች፣ ከዚያ «አብሲት ይጣል» ትላለች። ብርድ ከሆነ ቡሃቃውን ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች። ድሬዳዋ ላይ ቶሎ የሚደርስ ሊጥ ደብረ ብርሃን ላይ እንደሚዘገይ ለመናገር ቴርሞሜትር አትፈልግም።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ያንኑ ቡሃቃ ሺህ እጥፍ ብናሳድገውስ? ዱቄቱን ሺህ እጥፍ፣ ውኃውን ሺህ እጥፍ፣ እርሾውንም ሺህ እጥፍ። ይሠራል?

ቢራ፣ ደረቅ እርሾ፣ ፔኒሲሊንና ኢንሱሊን በሚመረትባቸው ፋብሪካዎች መሐንዲሶች ደመወዝ የሚበሉት በዚህ ጥያቄ ነው። መልሱ «አይሠራም» ነው። ለምን እንደማይሠራ ለማየት ድንች ይበቃል።

ድንች ላጡና እንደ ሳጥን ስድስት ስድስት ፊት ያላቸው ስምንት እኩል ቁራጮች አውጡ። አንዱን ለብቻው ያዙት፤ ስድስቱም ፊቱ አየር ያገኛል። አሁን ስምንቱን አጋጥማችሁ አንድ ትልቅ ሳጥን አድርጓቸው። ከውጭ የሚታዩት ፊቶች 24 ብቻ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ 3 ይደርሰዋል። ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ትዕግሥቱ ኖሯችሁ ሺህ ቁራጭ ብትደረድሩ ለአንዱ የሚደርሰው አንድ ፊት እንኳ አይሞላም፤ ብቻውን ሳለ ከነበረው አንድ አሥረኛው ነው።

የችግሩ ሁሉ ሥር ይኸው ነው። ዕቃ ሲተልቅ ሆዱ ከቆዳው በላይ ያድጋል። ትንሹ ቡሃቃ በቆዳው በኩል በነፃ ያገኝ የነበረውን ነገር ሁሉ ትልቁ ታንክ በመሣሪያና በኤሌክትሪክ ይገዛዋል።

መጀመሪያ ማቀዝቀዙን እንይ። ሕዋሳት ስኳር ሲበሉ ሙቀት ያወጣሉ። በቡሃቃ ያ ሙቀት በግድግዳው በኩል ወጥቶ ይጠፋል፤ ማንም ልብ አይለውም። ከሲኒ የቀረ ቡና ቶሎ ሲበርድ ጀበናው ውስጥ ያለው ግን ሙቀቱን ይዞ እንደሚቆይ ታውቁታላችሁ። 10,000 ሊትር የሚይዝ ታንክ ደግሞ ከጀበናውም የባሰ ነው፤ ዝም ከተባለ መሐሉ እየሞቀ ሄዶ ሕዋሳቱ በራሳቸው ሙቀት ይሞታሉ። ቢራ ፋብሪካ አጠገብ ስታልፉ የምታዩአቸው ረጃጅም ብርማ ታንኮች ድርብ ግድግዳ ያላቸው ለዚህ ነው፤ በሁለቱ መካከል ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይዘዋወራል።

ጠላ የጠመቀ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል። ጋኑ ሙሉ በአንድ ቀን አይጣልም፤ በጥቂት ጌሾና ውኃ ይጠነሰሳል፣ ጥንስሱ ሲነሣ ነው ወደ ድፍድፉ የሚኬደው። ፋብሪካውም እንዲሁ ያደርጋል። በበረዶ ከተቀመጠች ጣት የምታህል ጠርሙስ ይጀምራል፣ ወደ ብልቃጥ፣ ከዚያ በአሥር ሊትሮች፣ ከዚያ በመቶ፣ ከዚያ በሺህ እያለ ያሳድጋል። ጥቂት ሕዋሳትን ትልቅ ታንክ ውስጥ ብትበትኗቸው እነሱ እስኪባዙ ሌላ ተሕዋስ ቤቱን ይወርሰዋል።

የአየሩ ታሪክ ግን ረዘም ይላል፤ ታሪክም ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ያስተዋለው የፔኒሲሊን ሻጋታ ጠባዩ ከቡሆ ይለያል። ቡሆ ክዳኑ ተገጥሞበት ይቦካል፤ ሻጋታው አየር ካጣ አይሠራም። ስለዚህ ፈሳሹ ላይ ተንሳፎ እንደ ስስ ምንጣፍ ይበቅላል። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ በብዛት ሊያመርቱት ሲፈልጉ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ዕቃ አስፈለጋቸው። ከሞከሯቸው ዕቃዎች አንዱ የሆስፒታል ሕመምተኛ አልጋው ላይ ሳለ የሚጸዳዳበት ሳህን ነበር። አትሳቁ፤ ቅርጹ ልክ የሚፈለገው ዓይነት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ ላይ በፔኒሲሊን የታከመው ሕመምተኛ አንድ የእንግሊዝ ፖሊስ ነው። መድኃኒቱ ከማነሱ የተነሣ ከሽንቱ ሳይቀር እያጣሩ መልሰው ሰጡት። ተሻለው። መድኃኒቱ አለቀ። ሰውዬው ሞተ።

መድኃኒቱ ይሠራል፤ ሳህኑ ግን አይበቃም። ሥራው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኢሊኖይ ውስጥ በምትገኘው ፒዮሪያ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ሻጋታውን የበቆሎ ስታርች ሲሠራ በሚተርፍ ፈሳሽ ሲመግቡት ምርቱ ብዙ እጥፍ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚያው ከተማ የተገኘ የሻገተ ሜሎን ደግሞ ከፍሌሚንጉ የበለጠ የሚያመርት ዝርያ ሰጣቸው። ከዚያ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ብሩክሊን ውስጥ አንድ የበረዶ ፋብሪካ ገዝቶ እያንዳንዳቸው 28,000 ሊትር ገደማ የሚይዙ 14 ታንኮች ተከለ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1944 ተጀመረ። ሻጋታው ከምንጣፍነት ወጥቶ በፈሳሹ ጥልቅ ውስጥ እንዲኖር ተደረገ፤ ከሥር የተጣራ አየር ይነፋለታል፣ መሐል ላይ መቅዘፊያ ይዞርለታል። በዚያው ዓመት ሰኔ በፈረንሳይ ጠረፍ፣ ኖርማንዲ ላይ ለወረዱት የተባበሩት ኃይሎች ወታደሮች ከተላከው ፔኒሲሊን አብዛኛው ከዚህ ቤት የወጣ ነው።

ለምን ይህን ያህል ልፋት? ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ ቅዱና ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ አስቀምጡት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ትንንሽ አረፋዎች ተለጥፈው ታያላችሁ። ውኃው ሲሞቅ የለቀቀው አየር ነው። ውኃ ሊይዝ የሚችለው አየር ግን ጥቂት ነው። አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ፣ በክፍል ሙቀት፣ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጂን ብቻ ይይዛል፤ አዲስ አበባ ላይ፣ በከፍታው ምክንያት፣ ከዚያም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ታንክ ውስጥ የተጨናነቁ ሕዋሳት ይህን በሰከንዶች ውስጥ ይጨርሱታል። መንፊያው ለአንድ ደቂቃ ቢቆም ታፈኑ ማለት ነው።

ታንኩ ውስጥ የሚያድጉት የአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይጠባል። እንደ እርሾ ጠንካራ ግድግዳ ስለሌላቸው አረፋ አጠገባቸው ሲፈነዳ ይቀደዳሉ። አየሩ ያስፈልጋቸዋል፣ አየሩ ይገድላቸዋል። መፍትሔው ቀስ ብሎ ማማሰልና ሕዋሳቱን ከአረፋው የሚከላከል ነገር ፈሳሹ ላይ መጨመር ነው።

ወደ ጓዳችሁ እንመለስና ከሱቅ የምትገዙትን የደረቅ እርሾ ፓኬት አንሡ። እርሾ አንድ መጥፎ ዐመል አለው፤ ስኳር ከበዛለት አየር እያለው እንኳ መራባቱን ችላ ብሎ አልኮል ይሠራል። ለጠላ ሠሪ ደስታ ነው፣ ለእርሾ ሻጭ ግን ኪሳራ ነው፤ እሱ የሚሸጠው ሕዋሱን ራሱን ነዋ። ስለዚህ ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ዴንማርክና ጀርመን ውስጥ አንድ ዘዴ ተገኘ፦ ምግቡን፣ ማለትም የስኳር ፋብሪካ ሞላሰሱን፣ በአንድ ጊዜ ሳይደፉ በጠብታ መስጠት። ፓኬታችሁ ውስጥ ያለው እርሾ ያደገው እንዲህ ነው።

ትልቅ ታንክ ላይ ግን ጠብታው ራሱ ጣጣ አለው። ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያፈሰሳችሁት ነገር በሰከንዶች ይቀላቀላል፤ ትልቁ ውስጥ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ወጡ ከጓዳ በወጣ ቁጥር በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለቴ ሲደርሳቸው ዳር ያሉት ባዶ እንጀራ እንደሚያዩበት ድግስ ነው። ማስገቢያው ጋ ያሉት ሕዋሳት ጠግበው አልኮል ይሠራሉ፣ ታች ያሉት ይራባሉ።

እንግዲህ ክዳኑ ተከፍቶ የማይሸተትና የማይቀመስ ታንክ ሆዱ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ በምን ይታወቃል? ሙቀቱን የሚለካ፣ ኦክስጂኑን የሚለካ፣ ጉምዘዛውን የሚለካ ሴንሰር ግድግዳው ላይ ይሰካለታል። ጉምዘዛ የሚለካበት ፒኤች የተባለው ሚዛን ራሱ የተወለደው ከቢራ ቤት ነው፤ ሶረንሰን የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1909 ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ያወጣው ነው።

እናንተም ልትለኩት ትችላላችሁ። ቀዩን ጥቅል ጎመን ከትፋችሁ ቀቅሉና ውኃውን አጥልሉ። በአንዱ ብርጭቆ የሎሚ ጠብታ ጨምሩበት፤ ይቀላል። በሌላው ቤኪንግ ሶዳ፤ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በሦስተኛው ከቡሃቃው ላይ የጠለለውን እርሾ ጨምሩና ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚጠጋ እዩ። ሊጡ በተቦካበት በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ቀን ሌላ ጊዜ ብታደርጉት ልዩነቱ ይታያችኋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የታንኩ ትንፋሽ ነው። መሐንዲሶቹ ከላይ የሚወጣውን አየር ይለካሉ፦ ስንት ኦክስጂን ጎደለ፣ ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጣ። እርሾው በአግባቡ እየተነፈሰ ከሆነ ሁለቱ እኩል ገደማ ናቸው። የሚወጣው ከጎደለው መብለጥ ሲጀምር እርሾው አልኮል መሥራት ጀምሯል፤ ሞላሰሱ ይቀነስ ማለት ነው። ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፤ በሁለቱም ለብ ያለ ውኃና አንድ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ በአንዱ ብቻ ስኳር። አፋቸው ላይ ፊኛ ግጠሙ። የትኛው ፊኛ እንደሚነፋ ገምታችኋል፤ የሚነፋው ግን እናንተ ሳትሆኑ እርሾው ነው።

መሐንዲሶቹ ደግሞ አንድ ብልሃት አላቸው። ትልቁ ታንክ ላይ ሙከራ ማድረግ በሺህ ሊትር የሚቆጠር ምርት ማስያዝ ስለሆነ፣ ጥቂት ሊትር የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ወስደው ሆን ብለው ያበላሹታል። ምግቡን አንዴ ያበዙበታል አንዴ ይነሡታል፣ አየሩን ያቋርጡበታል፤ ትልቁ ታንክ ውስጥ ሕዋሳቱ የሚደርስባቸውን መከራ ሁሉ በትንሹ ያሳዩታል። ያንን ችሎ የሚያመርት ዝርያ ሲገኝ ነው ወደ ትልቁ የሚሄዱት። በእኔ ግምት ከመንፊያውም ከሴንሰሩም ይልቅ የሙያው ብስለት የሚታየው እዚህ ነው።

ለድግስ ብዙ ሊጥ ስታቦኩ ትልቁን በትንሽ ዕቃ የማየት ዘዴያቸውን ተዋሷቸው። አብሲቱን ከጣላችሁ በኋላ ከቡሃቃው በብርጭቆ ግማሽ ያህል ቅዱና ሊጡ በደረሰበት ላይ ላስቲክ እሰሩበት። ብርጭቆው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይበርደዋል፤ እንዳያታልላችሁ ከቡሃቃው ጋር አስጠግታችሁ በአንድ ብርድ ልብስ ሸፍኑት። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከላስቲኩ ሲያልፍ ምጣዱን ጣዱ።