ተሸናፊ ቡድን የሚረከብ አሰልጣኝ በምን ይመዘናል?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ቡድን ዋና አሰልጣኝ መምረጥ ከስፖርት ጉዳይነቱ ባሻገር የተቋም አመራርና የገንዘብ አስተዳደር ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። ፉትቦል ሲባል እኛ እግር ኳስ የምንለው ጨዋታ ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ተሰልፈው የእንቁላል ቅርጽ ያላትን ኳስ በእጅ እየያዙና እየወረወሩ የሚፎካከሩበት የአሜሪካውያን ጨዋታ ነው። ታላላቆቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች የሚይዙ ስታዲየሞች አሏቸው። በብዙዎቹ የአገሪቱ ግዛቶች ከሕዝብ ተቀጣሪዎች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ መሆኑም ይታወቃል።

በመሆኑም አንድ ቡድን በተከታታይ ሲሸነፍ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች የሚጋፈጡት ጥያቄ ከባድ ነው። የወደቀውን ቡድን ለማን ያስረክቡ? እጩዎቹንስ በምን መስፈርት ይመዝኑ? ባለፉት ዓመታት በነብራስካ፣ በኮሎራዶና በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዎች የተካሄዱት ሹመቶች ለዚህ ጥያቄ ትምህርት ሰጪ መልስ ይዘዋል።

የተሳሳተ ሹመት ዋጋ

የአሰልጣኞች የቅጥር ውል አብዛኛውን ጊዜ ለበርካታ ዓመታት የሚፈረም ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ውሉ ሳያልቅ አሰልጣኙን ካሰናበተ ከቀሪው ክፍያ አብዛኛውን ወይም ሙሉውን ለመክፈል ይገደዳል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አሰልጣኝ ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት የተጣለበት ግዴታ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እንዲህ ያለው ወጪ በለጋሾች ወይም ከስፖርቱ በሚገኝ ገቢ ቢሸፈን እንኳ ለሌላ ተግባር ሊውል ይችል የነበረ ሀብት መሆኑ አይካድም።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻም የሚወሰን አይደለም። አሰልጣኙ ሲነሳ ረዳቶቹ ሥራቸውን ያጣሉ፤ በእርሱ ተመልምለው የመጡት ተማሪዎችም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ይነሳሉ። ቀጣዩ ተሿሚ ሥራውን የሚጀምረው ቀደም ሲል ከነበረው የባሰ ባዶ ቤት ተረክቦ ነው።

ዝናና የትውልድ ቦታ በቂ አለመሆናቸው

የነብራስካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ስኮት ፍሮስትን ሲሾም ውሳኔው ከሞላ ጎደል ተቃዋሚ አልነበረውም። ፍሮስት የነብራስካ ተወላጅ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1997 የአገር አቀፉን ሻምፒዮና በተጋራበት ወቅትም የቡድኑ አጥቂ መሪ ነበሩ። በአሰልጣኝነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ 12 ጊዜ የተረታውን የሴንትራል ፍሎሪዳ ቡድን ተረክበው በሁለተኛው ዓመት 13 ጨዋታዎችን ያለ ሽንፈት አሸንፈዋል። የሰባት ዓመት የ35 ሚሊዮን ዶላር ውል የተፈረመላቸውም በዚህ ምክንያት ነበር።

ውጤቱ ግን እንደተጠበቀው አልሆነም። ፍሮስት በነብራስካ 16 ጨዋታ አሸንፈው በ31 ተሸንፈዋል። በአንድ የጎል ሙከራ ሊገለበጡ ይችሉ ከነበሩት፣ ማለትም በስምንት ነጥብና ከዚያ በታች ልዩነት ከተጠናቀቁት ጨዋታዎች ውስጥ ያሸነፉት 5 ብቻ ሲሆን የተሸነፉት 22 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዘጠኝ ጊዜ ሲረቱ ዘጠኙም ሽንፈቶች ከ10 ነጥብ ባነሰ ልዩነት የተመዘገቡ ናቸው። ይህም ቡድኑ የተጫዋች እጥረት ብቻ ሳይሆን በወሳኝ ሰዓት የመወሰን፣ ስሕተትን የመቀነስና ጨዋታን የመቋጨት ድክመት እንደነበረበት ያመለክታል።

ዩኒቨርሲቲው ፍሮስትን ያሰናበተው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2022 ነው። በውሉ መሠረት እስከ ጥቅምት 1 ቀን ቢጠብቅ ኖሮ የስንብት ክፍያው ከ15 ሚሊዮን ወደ 7 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ይወርድ ነበር። ኃላፊዎቹ ሦስት ሳምንት መታገሥን አልመረጡም።

ከዚህ ሹመት ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው፣ ፍሮስት ሲመረጡ በዋና አሰልጣኝነት የነበራቸው ልምድ የሁለት ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። አንድ ድንቅ ዓመት ብቃትን ሊያሳይ ይችላል፤ ብቃቱ በሌላ ቦታና በሌሎች ተጫዋቾች እንደሚደገም ግን አያረጋግጥም። ሁለተኛው፣ የአገር ልጅነትና የቀድሞ ጀግንነት የደጋፊን ልብ ለማሞቅ የሚረዱ ቢሆኑም የሥራ ችሎታ መለኪያ ሊሆኑ አለመቻላቸው ነው።

በአንጻሩ የታወቀ ስም ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ12 ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸንፎ ሲያጠናቅቅ፣ በተጫዋችነት ዘመናቸው ዝነኛ የነበሩትንና በጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ 27 ጨዋታ አሸንፈው በ6 የተረቱትን ዲዮን ሳንደርስን ሾመ። የ2023 ሙሉ የውድድር ዘመን የመግቢያ ትኬቶች ተሸጠው አለቁ። ቡድኑ በመጀመሪያው ዓመት 4 አሸንፎ በ8 ተሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ 9 አሸንፎ በ4 ተሸነፈ። ይሁንና ከአሰልጣኙ ጋር የመጡት ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ካለፉ በኋላ በ2025 ውጤቱ ወደ 3 ድልና 9 ሽንፈት አሽቆለቆለ። ዝና ተመልካችንና ተጫዋችን ፈጥኖ ሊያመጣ እንደሚችል፣ ዘላቂነቱ ግን ለብቻው መመዘን እንዳለበት ይህ አፈጻጸም ያሳያል።

የኢንዲያና አመራረጥ

በብሉሚንግተን ከተማ የሚገኘው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከሦስቱ ሁሉ የከፋ ታሪክ ነበረው። በወቅቱ በከፍተኛው የዩኒቨርሲቲዎች ምድብ ከማንም የበለጠ ሽንፈት ያስመዘገበ ቡድን ሲሆን፣ በአንድ የውድድር ዘመን 10 ጨዋታ አሸንፎም አያውቅም ነበር። አሰልጣኝ ቶም አለን እ.ኤ.አ. በ2020 6 ጨዋታ አሸንፈው በ2 ብቻ ከተረቱ በኋላ፣ በተከታዮቹ ሦስት ዓመታት በድምሩ 9 አሸንፈው በ27 ተሸንፈዋል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ኅዳር 26 ቀን 2023 በ15 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር የስንብት ክፍያ አሰናበታቸው።

ከአራት ቀናት በኋላ የስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር ስኮት ዶልሰን የሾሟቸው ከርት ሲግኔቲ በዚያን ጊዜ የ62 ዓመት ሰው ሲሆኑ፣ በታላላቆቹ ሊጎች በዋና አሰልጣኝነት ሠርተው አያውቁም። በዕድሜና በዝና ብቻ ቢመዘኑ ኖሮ ከመጀመሪያው ዙር የሚያልፉ አይመስሉም። የሥራ መዝገባቸው ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ሲግኔቲ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ በኒክ ሴባን ሥር በረዳትነትና በተጫዋቾች ምልመላ አስተባባሪነት ሠርተዋል። ከዚያ ታላቅ ቡድን ለቀው እ.ኤ.አ. በ2011 በሁለተኛው ምድብ የሚወዳደረውን፣ በስም የሚመሳሰለውን ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ፔንሲልቬንያን ተረከቡ። በዚያም በስድስት ዓመት 53 አሸንፈው በ17 ተሸነፉ። ቀጥሎ የተረከቡት የኢሎን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያሸነፈው 2 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ እርሳቸው በያዙት በመጀመሪያው ዓመት 8 አሸነፈ። ከ2019 እስከ 2023 በጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ 52 አሸንፈው በ9 ተሸነፉ። በእነዚህ ዓመታት ቡድኑ ከታችኛው ወደ ከፍተኛው ምድብ ሲሸጋገርም ውጤቱ አልወደቀም። በጠቅላላው 119 ድልና 35 ሽንፈት ሲሆን፣ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠበት አንድም የውድድር ዘመን የለም።

የዚህ መዝገብ ዋጋ በቁጥሩ ብዛት ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ሦስት ልዩ ልዩ ተቋማት፣ ሦስት ልዩ ልዩ የበጀት አቅሞችና ሦስት ልዩ ልዩ የተጫዋቾች ስብስቦች ቢፈራረቁም ውጤቱ አልተለዋወጠም። በየቦታው ያልተቀየረው አሰልጣኙና አሠራራቸው በመሆኑ ለውጡን ለሌላ ምክንያት መስጠት አስቸጋሪ ይሆናል።

እጩውን ከነባልደረቦቹ መመዘን

አንድ ዋና አሰልጣኝ ብቻውን አይሠራም። ሲግኔቲ ወደ ኢንዲያና ሲመጡ የማጥቃቱንና የመከላከሉን ክፍል የሚመሩትን ረዳቶቻቸውን ከጄምስ ማዲሰን ይዘው መጥተዋል፤ ከአሥር በላይ የሚሆኑ የቀድሞ ተጫዋቾቻቸውም ተከትለዋቸዋል። ስለሆነም አሠራሩን ለአዲሶቹ የሚያስረዱ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቦታው ነበሩ።

ይህ ነጥብ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ሲቀይሩ አንድ ዓመት ሳይቀመጡ መጫወትና ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ቀደም ሲል አዲስ አሰልጣኝ ቡድን ለመገንባት አራትና አምስት ዓመት ይሰጠው ነበር። አሁን በአንድ ክረምት ግማሹን ቡድን መለወጥ ስለሚቻል፣ እጩው የሌላ ቤት ተጫዋችን መርምሮ የመምረጥ ችሎታው በቃለ መጠይቅ ሊፈተሽ የሚገባው ዐቢይ ጉዳይ ሆኗል።

ኢንዲያና እ.ኤ.አ. በ2024 11 አሸንፎ በ2 ብቻ በመሸነፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገር አቀፉ የማጣሪያ ውድድር ገባ። በ2025 ከ1967 ወዲህ የመጀመሪያውን የቢግ ቴን ሊግ ዋንጫ ያነሳ ሲሆን፣ በጥር 2026 ደግሞ የውድድር ዘመኑን ያለ ሽንፈት በማጠናቀቅ የአገር አቀፍ ሻምፒዮን ሆኗል።

ጊዜና ፍትሐዊነት

ኢንዲያና በአራት ቀናት መወሰኑ ጥድፊያ ሊመስል ይችላል። በዚያ ዓመት የተጫዋቾች ዝውውር የሚከፈተው ታኅሣሥ 4፣ የአዳዲስ ተማሪዎች ፊርማ የሚጀምረው ደግሞ ታኅሣሥ 20 ቀን በመሆኑ፣ የዘገየ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾቹን ያጣል። ሆኖም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ መስፈርቱን ሳያዘጋጅ አሰልጣኝ ያሰናበተ ተቋም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ በወቅቱ ስሙ የገነነውን ሰው ነው። የቡድኑ ችግር ምን እንደሆነ መለየት፣ ምን ያህል በጀትና ስንት ዓመት መስጠት እንደሚቻል መወሰን ከስንብቱ በፊት የሚጠናቀቁ ተግባራት ናቸው።

የእጩዎች ዝርዝር ስፋትም ሊዘነጋ አይገባም። የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዋና አሰልጣኝ ከመቅጠራቸው በፊት ከአናሳ የኅብረተሰብ ክፍሎች ቢያንስ አንድ ብቁ እጩ እንዲያነጋግሩ አስገድዷል። ሕጉ ማን ይቀጠር የሚለውን አይወስንም። በትውውቅ ብቻ ይካሄድ የነበረው አመራረጥ ግን ለሌሎችም በር እንዲከፍት ያደርጋል።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ የወደቀን ቡድን የሚረከብ ሰው ሲመረጥ ኃላፊዎች ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። እጩው ያስመዘገበው ውጤት በስንት ቦታ ተደግሟል? ሲረከበው የነበረው ሁኔታ ምን ይመስል ነበር? አብረውት የሚሠሩት እነማን ናቸው? ሥራው ባይሳካ ውሉ ተቋሙን ምን ያህል ያስከፍለዋል? የኢንዲያና ስኬት አንድ ሹመት ብቻ በመሆኑ ለሌላው ዋስትና ሊሆን አይችልም፤ ተመሳሳይ መዝገብ ያለው እጩም ሊወድቅ ይችላል። ያም ሆኖ በጥያቄዎቹ ላይ ተመሥርቶ የተወሰነ ሹመት ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ የት ላይ እንደነበረ መርምሮ ማረም ይቻላል። በስሜትና በስም የተሰጠ ሹመት ሲከሽፍ ግን ለተቋሙ የሚተርፈው ክፍያው ብቻ ነው።