አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲጮህ፦ ሰምቶ መለየት፣ ለይቶ መናገር

ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤታችን በር ላይ ልጆች የሚያወርዱት መኪናዎች አብዛኞቹ አውቶማቲክ ናቸው። ከወላጆች መካከል ብዙዎቻችን መንዳት የተማርነው ግን አገር ቤት፣ ፍሪሲዮን እየረገጥን ማርሽ በምንቀይርበት መኪና ነው። በዚያ መኪና ማርሹ አልገባ ሲል በእጃችን ይሰማን ነበር። አውቶማቲኩ ሥራውን ሁሉ ከእኛ ደብቆ ስለሚሠራ ችግሩን የሚነግረን ብዙ ጊዜ በድምፅ ብቻ ነው።

ኬንያ ከመጀመሪያ ምዝገባው 8 ዓመት ያለፈው ያገለገለ መኪና እንዲገባ አትፈቅድም። ከጃፓን መጥተው ሞምባሳ ወደብ ከሚራገፉት መኪናዎች ብዙዎቹ ግን ለዚሁ ገደብ የተቃረቡ ናቸው፤ እዚህ ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ካምቢዮው ቢበላሽ ጥገናው የአንድ ተርም ክፍያ የሚያህል ገንዘብ ሊወስድ ይችላል። በጊዜ የተለየ ድምፅ ግን አንዳንዴ በጥቂት ሊትር ዘይት ያልቃል። ስለዚህ ጉዳዩ ለቤተሰብ ኪስም ለልጆች ደኅንነትም የሚጠቅም ትምህርት ነው ብለን አምነናል።

ውስጡ ምን አለ?

ሁለት ቬንትሌተሮች ፊት ለፊት እናቁምና አንዱን ብቻ እናብራ። የበራው የሚልከው ነፋስ ያልበራውንም ያሽከረክረዋል። በአውቶማቲክ መኪና በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ የነፋሱን ቦታ የያዘው ዘይት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ዘይቱን የሚገፋ ፓምፕ፣ እንደ ፀሐይና እንደ ፕላኔቶች እርስ በርስ የሚዞሩ ጥርሶች፣ እነርሱንም የሚይዙና የሚለቁ ሸክላዎች አሉ። ሲቪቲ በሚባለው ዓይነት ደግሞ በጥርሶቹ ፋንታ የብረት ቀበቶ በሁለት መዘውሮች መካከል ይሄዳል።

ዘይቱ ኃይል ያስተላልፋል፣ ሸክላዎቹን ይጫናል፣ ብረቱን ያለሰልሳል፣ ሙቀትንም ይወስዳል። ዘይቱ ሲጎድል፣ ሲቃጠል ወይም ዓይነቱ የተሳሳተ ሲሆን እነዚህ ሥራዎች በሙሉ አብረው ይበላሻሉ። ምርመራ ከዘይት የሚጀምረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

በሳይንስ ክፍል ተማሪዎቻችንን የምናስተምራቸው አንድ ሕግ እዚህም ይሠራል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፣ ያየነውንም እንጻፍ።

አንደኛ፣ ድምፁ የሚከተለው የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የመኪናውን ፍጥነት? መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመን፣ የእጅ ፍሬን ስበን፣ ከፊትም ከኋላም ሰው አለመኖሩን አረጋግጠን፣ ማርሹ ፒ ላይ እንዳለ ቤንዚን በጥቂቱ እንስጥ። ጩኸቱ ከሞተሩ ጋር ከፍና ዝቅ ካለ ከሞተሩ ጋር የሚዞር ነገር ነው፤ የካምቢዮው ፓምፕ ከእነዚህ አንዱ ነው። መሪ ስናዞር ብቻ የሚጮህ ከሆነ ግን ወደ መሪው ፓምፕ ወይም ወደ ቀበቶው እንመልከት። ቆመን ዝም ብሎ ስንሄድ ብቻ የሚመጣ፣ እግራችንን ከቤንዚኑ ስናነሳም የማይጠፋ እንጉርጉሮ ብዙ ጊዜ የጎማ፣ የጎማ ኩሽኔታ ወይም የዲፍሬንሻል ነው። ከአስፋልት ወደ ሙራም መንገድ ስንገባ ድምፁ ከተለወጠ ጎማው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ በየትኛው ማርሽ ነው? ፍሬኑን አጥብቀን ረግጠን ከፒ ወደ አር፣ ወደ ኤን፣ ወደ ዲ በዝግታ እንቀይርና እያንዳንዱን እናዳምጥ።

ሦስተኛ፣ መቼ ነው? ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከረጅም የትራፊክ መጨናነቅ በኋላ፣ በዳገት ወይስ በኩርባ?

ድምፆቹና ትርጉማቸው

ቀጭን ፉጨት፣ በሁሉም ማርሽ፣ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚጨምር፦ የዘይት ማነስ፣ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም ያረጀ ፓምፕ።

ከፒ ወደ ዲ ወይም ወደ አር ስንቀይር «ኳ» የሚል ምት፦ ብዙ ጊዜ ሞተሩንና ካምቢዮውን የያዙት፣ እዚህ ፉንዲዎች ማውንቲንግ የሚሏቸው የጎማ መቀመጫዎች አልቀዋል። ካምቢዮውን ከማስፈታታችን በፊት እነርሱን እናስፈትሽ።

መሪ አጥፈን ስንሄድ «ቀጭ ቀጭ»፦ ኃይልን ወደ ፊት ጎማ በሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ ያለው መጋጠሚያ ነው፤ ካምቢዮው ላይ ምንም ላይኖርበት ይችላል።

ቆመን ሳለ የቆርቆሮ ኮሽታ፦ ሞተሩን ከቶርክ ኮንቨርተሩ ጋር የሚያገናኘው ስስ የብረት ሳህን ተሰንጥቆ ወይም ብሎኖቹ ላልተው ሊሆን ይችላል። የላላ የማርሚታ መሸፈኛም ተመሳሳይ ድምፅ ስላለው እርሱን አስቀድመን እንይ።

በመካከለኛ ፍጥነት፣ ቤንዚን በቀስታ ስንሰጥ፣ በመንገድ ላይ በተሠሩ ትንንሽ ጉብታዎች ላይ የምንሄድ የሚመስል መንቀጥቀጥ፦ በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መቆለፊያ እየተንሸራተተ ነው፤ ያረጀ ዘይት የተለመደ ምክንያት ነው።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው። ይህ እስከ ነገ የሚቆይ አይደለም፤ ልጆች ጭነን አንሂድ።

ዘይቱን ማየት

መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ ካምቢዮው ሞቆ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ይለካል። በብዙ መኪናዎች ሞተሩ እየሠራ፣ በአንዳንዶቹ ግን ጠፍቶ ስለሆነ የመኪናውን መመሪያ እንከተል። መለኪያ የሌላቸው መኪናዎች ዘይታቸው የሚታየው ከሥር ነውና ይህን ለባለሙያ እንተው፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም።

የብዙዎቹ አዲስ ዘይት ቀይ ነው፤ አንዳንድ የሲቪቲ ዘይት ሌላ ቀለም አለው። የጠቆረና የተቃጠለ የሚሸት ዘይት የሙቀት ምልክት ነው። እንደ ወተት የደፈረሰ ከሆነ ከራዲያተሩ ውኃ ገብቶበታልና መኪናው እንዳይነዳ። ሲጨመርም ዓይነቱ ይታይ። የሲቪቲ ዘይትና የተለመደው አውቶማቲክ ዘይት አንዱ ሌላውን አይተካም። «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የሚቀርብልንን ሳንቀበል በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ስም እንጠይቅ። መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም የዘይቱ ዓይነት መለያ ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ልናገኘው እንችላለን።

መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም የሚነዱት ጎማዎች መሬት እየነኩ መጎተት የለበትም። ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ረጅም መንገድ ሲጎተት ካምቢዮው ያለ ዘይት ይዞራል። በሞያሌ መንገድ ለሚጓዙ ቤተሰቦች ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ መኪናውን የሚጭን ተሽከርካሪ ይጠራ።

ጋራዥ ስንሄድ

ከኪሪንያጋ መንገድ እስከ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ በጁዋ ካሊም ሆነ በትልቅ ጋራዥ፣ ፉንዲው የሚሠራው በምንነግረው ላይ ተነስቶ ነው። «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ስንለው ውሳኔውን አስቀድመን ሰጠነው፤ ካምቢዮ ያወርዳል፣ ሒሳቡንም በዚያው ልክ ያወጣል። «ጠዋት ሲቀዘቅዝ፣ አር ላይ ብቻ፣ ቀጭን ፉጨት» ስንለው ግን ፍለጋውን አጠበብንለት። ከዚያም አብሮን እንዲነዳና ድምፁን በጆሮው እንዲሰማ እንጠይቀው። አሮጌውን ዕቃ እንዲመልስልን ከሥራው በፊት እንስማማ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ከባድ ኃላፊነት አለባቸው። በብዙ ቤት በወላጅና በፉንዲ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ልጅ ነው። አባት ወይም እናት «ካምቢዮ»፣ «ኩሽኔታ» ይላሉ፤ እነዚህ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዣችን የገቡ ቃላት ናቸው፤ የናይሮቢ ፉንዲ «ጊርቦክስ»፣ «ቤሪንግ» ይላል። በስዋሂሊ «ማፉታ» የነዳጅም የዘይትም ስም ስለሆነ የትኛው ማፉታ እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። ፉጨቱን «ኳኳታ» ብሎ የተረጎመ ልጅ ቤተሰቡን ላልተበላሸ ዕቃ ያስከፍላል። ስለዚህ ልጆች፣ ቋንቋ ስትማሩ የድምፆችንም ስም ተማሩ፤ ያልገባችሁንም ቃል ሳታልፉ ወላጆቻችሁን መልሳችሁ ጠይቁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። መኪና በሽታውን አይደብቅም፤ በየቀኑ ይናገራል። ሬዲዮውን ለአምስት ደቂቃ ዘግተን እንስማው፣ የሰማነውንም ከነቀኑ በማስታወሻ እንያዘው።